የታምራት እናት

እትዬ ታደለች ይኖሩባት የነበረችው ክፍል ተከራየች። የገቡባት አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ግድግዳውን ውሃ ሰማያዊ ቀቡት፣ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው፤ ምንም አይወጣላቸውም። እኔ ግን እትዬ ታደለች ባለፈው ክረምት ካረፉ ወዲህ፣ ከሥራ ስመለስ በዚያ በር ፊት እርምጃዬን ቀስ ማድረግ አልተውኩም። "ሀያት፣ ገባሽ?" የሚለኝ ድምፅ የሚመጣ ይመስለኛል። አይመጣም።

ግቢያችን ከታቦር ጋራ ግርጌ ነው። በአንድ የውሃ ቧንቧና በአንድ ያረጀ የአቮካዶ ዛፍ ዙሪያ የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች ናቸው። ከደሴ መጥቼ ዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ስቀጠር ሐዋሳ ውስጥ የማውቀው አንድ ሰው አልነበረኝም። ሥራዬ መጻፍ ነው። ስብሰባ ሲደረግ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ችግኝ ሲተከል በተቋሙ ገጽ ላይ ዜና አወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሕዝብ ስጽፍ እውልና፣ ማታ ከማንም ጋር ሳላወራ እተኛለሁ።

እትዬ ታደለች ጡረተኛ ነበሩ። ትውልዳቸው ሆሳዕና አካባቢ ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባህል አዳራሽ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ጉልበታቸው የተጎዳ፣ ድምፃቸው ግን የልጃገረድ ድምፅ ነበር። ሳያያቸው የሰማቸው ሰው ለጋብቻ ይጠይቃቸው ነበር አሉ። በር ሲያንኳኩም ልማዳቸው አይለቃቸውም፤ በመስኮት ቁልጭ አድርገው እያዩኝ "ሀሎ፣ ሀያት አለች?" ይላሉ።

የተዋወቅነው አንድ ቅዳሜ አዲስ ስልክ ይዘው ሲመጡ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ ኮምፒውተር ላይ ነው አሉኝ። ሰዎች የሚገናኙበትን ነገር ክፈቺልኝ።"

ሻይ አፈላሁና ተቀመጥን። ስም የሚሞላበት ቦታ ላይ ስደርስ ሙሉ ስማቸውን ጠየቅኳቸው።

"ታደለች የታምራት እናት ብለሽ ጻፊ።"

"የአባትዎን ስም ነው የሚጠይቀው እትዬ።"

"አባቴማ ሞቷል፤ አይፈልገኝም። የሚፈልገኝ ካለ በዚህ ነው የሚያገኘኝ።"

ገጹ እንደተከፈተ የልጃቸውን ስም እንድፈልግ ነገሩኝ። ብዙ ታምራት መጣ። ጣቴ ወደ ታች ሲንሸራተት አብረውኝ እያዩ "አይደለም… አይደለም… ይሄም አይደለም" ይሉ ነበር። ከዚያ እጄን ያዙት። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ የሰው መኪና ተደግፎ የቆመ ቀጭን ወጣት ነበር።

"ከስቷል" አሉ።

የጓደኝነት ጥያቄ ላክንለት። ያን ቀን መልስ አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም። "ሥራ ላይ ይሆናል" ብለው ስልኩን ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። በኋላ ቀስ በቀስ እንደነገሩኝ፣ ታምራት አንድ ልጃቸው ነው። እንደ ብዙዎቹ የአገራቸው ልጆች በሞያሌ በኩል ወጥቶ በየአገሩ እየተደበቀ ደቡብ አፍሪካ ገባ። መጀመሪያ ይደውል ነበር። "እማዬ፣ ባለ ፎቅ ቤት እሠራልሻለሁ" ይላቸው ነበር። ኋላ ስልኩ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። መሞት አለመሞቱን እንኳ ያወቁት ያን ቅዳሜ በዚያ ፎቶ ነው።

እትዬ ታደለች ገጻቸው ላይ መጻፍ ፈለጉ። ዓይናቸው ፊደሉን ቶሎ ስለማያገኝላቸው መጀመሪያ ላይ እየነገሩኝ እኔ ነበርኩ የምጽፍላቸው። የመጀመሪያውን ግን ራሴ አሰማምሬ ጽፌ አነበብኩላቸው፤ "የተከበራችሁ የገጻችን ተከታታዮች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ! በዚህ ገጽ የተለያዩ ጠቃሚ መልእክቶችን…"

እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

"ይሄን የሚናገረው ማነው? ሊቀመንበሩ ናቸው?"

"እንዲህ ነው የሚጻፈው እትዬ። ብዙ ሰው ነው የሚያነበው።"

"ስሚኝ የኔ ልጅ። ማዞሪያ ላይ ስቀመጥ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የፈለገው ሕዝብ ይኑር፣ መስመሩ ላይ ያለው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። ክቡራንና ክቡራት ብለሽ ስልክ አታነሺም። ሰርዢው።"

ሰረዝኩት። እሳቸው የነገሩኝ ይህን ነበር፤ "እኔ ታደለች ነኝ። ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው። ዛሬ ታቦር ጉም ለብሷል። ጋራው አይታይም። እዛው ነው ግን።"

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጻፉ። ወዲያው ፊደሉን ለመዱትና እኔ አላስፈለግኳቸውም። "ባጃጆቹ ዛሬ ሥራ አቁመዋል። እስከ መናኸሪያ በእግሬ ሄድኩ፣ ጉልበቴ ሲሰድበኝ ዋለ።" "ሐይቁ ዳር ሄጄ አባ ኮዳዎቹን አየሁ። እንደ ሽማግሌ ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ሰው ሲያልፍ እንኳ አይበሩም፣ ንቀውናል።" "ዝናቡ በር በሩን ይመታል። ልብስ ያሰጣህ አስገባ።" ይኸው ነው። ምክር የለበትም፣ ጥቅስ የለበትም፣ አበባ የተሣለበት ፎቶ የለበትም። ሰው ግን መጣ። መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ ከዚያ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ። ቢሮ ውስጥ እኔ ግማሽ ቀን የደከምኩበትን ዜና አንብቦ የሚያልፈው ሰው ሁሉ፣ እሳቸው ስለ ካልሲያቸው መቀደድ ከጻፉት ሥር ተኮልኩሎ ያወራል።

ጓደኛ ሊሆናቸው የጠየቀውን ሁሉ ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። መጀመሪያ መልእክት ይልካሉ፤ "የማን ልጅ ነህ? የት ነህ? ምን ትሠራለህ?" ብዙው ይስቅና ይመልሳል። በገዛ ፊቱ ፋንታ የአንበሳ ሥዕል የለጠፈ አንድ ሰው ሲጠይቃቸው "አንበሳ ግቢዬ አላስገባም፣ ፊትህን ይዘህ ና" ብለው መለሱት። ፊቱን ይዞ መጣ።

አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ሆድ ብሶት በነበረበት ሰሞን፣ አንዱ ስለ ዝናብ ከጻፉት ሥር ዘራቸውን ጠርቶ ክፉ ስድብ ጻፈባቸው። "ያጥፉት እትዬ፣ ይዝጉት!" አልኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ጻፉለት።

"ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?"

"ምን አገባሽ?" አለ ሰውዬው።

"ባዶ ሆድ ነው በጠዋት እንዲህ የሚያናግረው። መናኸሪያ አካባቢ ከሆንክ ጥሩ ፍርፍር የሚሠሩ አውቃለሁ።"

ሰውዬው ስድቡን አጠፋ። ከሰዓት በኋላ በግል መልእክት ጻፈላቸው። እውነትም መናኸሪያ ዕቃ የሚያወርድና የሚጭን፣ ጌትነት የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ ልጁን ይዛ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳበታለች። ቁርስም አልበላም ነበር።

እንዲህ እያሉ ከተማው ውስጥ ታወቁ። ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ "እርስዎ የታምራት እናት አይደሉም እንዴ?" ይሏቸዋል። ደስ ይላቸዋል። ግን ግቢ ሲገቡ አየዋለሁ፤ በሩን ከፍተው ሲገቡ ጫማቸውን የሚያወልቁበት ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም። ስልኩ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እያለ እራታቸውን ብቻቸውን ይበላሉ። የእኔም ነገር ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ሐዋሳ ውስጥ የመጀመሪያዬ በሆነው የዒድ ቀን ወደ ደሴ መሄድ አቅቶኝ ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ ሳለ "ሀሎ፣ ሀያት አለች?" አሉ። እሑድ ቸርች የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ በሳህን ብስኩት ይዘው ቆመዋል።

"በዓል ብቻውን አይበላም" አሉ። "እንዴት ነው የምትሉት? ዒድ ሙባረክ?"

ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ስለ እናቴ ጠየቁኝ።

ታምራት የጓደኝነት ጥያቄውን አልመለሰም። አንድ ቀን የአቮካዶው ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኳቸው።

"እትዬ፣ ለሰው ሁሉ ይጽፋሉ። ለምን ለታምራት አይጽፉለትም?"

እንዳልገባኝ ገብቷቸው አዩኝ።

"ለሱ እኮ ነው የምጽፈው።"

"የቱን?"

"ሁሉንም። ሌላው ሰው ጎረቤት ነው፣ ይስማ። እኔ የምናገረው ለሱ ነው። ጉም መጣ የምለው፣ ዝናብ መጣ የምለው ለሱ ነው። ልጅ ሆኖ ከታቦር በካርቶን እየተንሸራተተ ሱሪውን ይጨርስ ነበር፤ አገሩን ያውቀዋል።"

ያን ቀን ነው የጽሑፋቸው ምሥጢር የገባኝ። ሰው ሁሉ ለእኔ ነው የተጻፈው ብሎ የሚያነበው፣ በእርግጥም ለአንድ ሰው ስለሚጽፉት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ አንድ ሰው በግል መልእክት ጻፈላቸው። ከታምራት ጋር አንድ ክፍል እንደሚኖር ነገራቸው። የታምራት ሱቅ በረብሻ ጊዜ ተዘርፎ ተቃጥሏል። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ወደቀ። አሁን የሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው። "የእርስዎን ጽሑፍ በየቀኑ ያነባል እማማ" ይላል መልእክቱ። "አባ ኮዳዎቹን ያነበበ ቀን ሲስቅ ሰማሁት። ደውልላት ስለው ግን 'የሰው ልጅ ሁሉ ለእናቱ ቤት ሠርቷል፣ እኔ ምን ይዤ ላውራት?' ይለኛል።"

አንብቤላቸው ስጨርስ ለራሳቸው በአገራቸው ቋንቋ በሀዲይሳ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

"በቃ ይጻፉለት!" አልኩ። "ቤት አልፈልግም፣ ድምፅህን ብቻ ነው የምፈልገው ይበሉት።"

"አልለውም።"

"ለምን?"

"አፍሮ የተደበቀን ሰው አየሁህ አይሉትም፣ የኔ ልጅ። የባሰ ይሸሻል። እንዳላየሁት ልሁንለት። እያነበበ አይደል? ይበቃኛል።"

አይበቃቸውም ነበር። ስልኩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር እንዴት እንደሚያነሡት አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ መጻፋቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ስሙን ግን አንድም ቀን አላነሡም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሆዳቸውን ማመም ጀመራቸው። "ጎመን ነው" አሉ፣ "ውሃው ነው" አሉ። ሆስፒታል ወስጄ ሳስመረምራቸው በሽታው ቆይቶ ነበር። ዶክተሯ ለብቻዬ ጠርታ ብዙ ጊዜ እንደማይኖራቸው ነገረችኝ። ስመለስ ፊቴን አይተው "ነገረችሽ?" አሉ። "ለኔም ነግራኛለች። ይልቅ ዛሬ አልጻፍኩም፤ ስልኩን አምጪ።"

እዚያው ሆስፒታል አስተኟቸው፤ አልጋ ላይ ሆነው ስለ ግቢው ይጽፉ ጀመር። እኔ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እየሄድኩ ግቢው ውስጥ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ቤታቸው እንዳሉ አድርገው ይጽፋሉ። ኋላ ጣታቸው ሲደክም ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ።

"አንቺ ጻፊ፤ እኔ እሰማሻለሁ።"

ለእሳቸው የሚገባ ነገር ልጽፍ ፈለግሁ። "የማለዳ ፀሐይ በውቡ ሐይቅ ላይ ወርቃማ ጨረሯን ስትዘረጋ…" ብዬ አነበብኩላቸው።

ዓይናቸውን እንደጨፈኑ "ማነው የሞተው?" አሉ።

"እሺ፣ ምን ልበል?"

"ዛሬ ግቢ ውስጥ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ስልክ ስነካካ ጎመን አሳረርኩ። ግቢው በሙሉ ሸተተ። አከራያችን እሳት የተነሣ መስሏቸው በፒጃማ ወጡ።"

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እየሳቁ ያማቸዋል፣ እያመማቸው ይስቃሉ። "እሱን! እሱን ላኪው!"

ላክሁት። ያን ቀን ሥሩ ላይ ከሌላ ጊዜ የበለጠ ሰው ሳቀ። አንዱም ሆስፒታል እንዳሉ አላወቀም።

እኔን ግን ከታምራት መደበቃችን ከነከነኝ። አንድ ቀን አልቻልኩም።

"እትዬ፣ ይነገረው። ኋላ ሲሰማ ይቅር አይለንም። መብቱ ነው።"

"መምጣት ይችላል?"

የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ ከወጣ መመለሻ የለውም።

"የማይመጣበትን ነገር ብትነግሪው እዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል? ሱቅ ውስጥ ቆሞ ዳቦ ይሽጥ ወይስ ያልቅስ?" ትንፋሽ አጠራቸው። እጄን ፈልገው ያዙ። "ከሄድኩ በኋላ አንቺ ንገሪው። በገጹ ላይ እንደ ማስታወቂያ እንዳይሰማው። ለሱ ለብቻው ንገሪው። እንደምታወሪው አድርገሽ።"

አንድ ዝናባማ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀብራቸው ላይ የቸርቻቸው ሰዎች፣ የግቢው ጎረቤቶችና ጥቂት የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ልጁ ሳይሰማ ገጹ ላይ ምንም ማለት ስላልፈለግሁ፣ ያ ሁሉ የስልክ ጓደኛ አላወቀም። ለአንድ ሰው ብቻ ደውዬ ነበር። ጌትነት ሰፊ ትከሻውን ሰብስቦ ከኋላ ቆመ፤ አፈሩ ሲመለስ አካፋውን ከወጣቶቹ ላይ ተቀብሎ እስኪያልቅ አልሰጠም።

በማግስቱ ከቢሮ ቀርቼ ለታምራት ልጽፍ ተቀመጥኩ። በሥራዬ የሐዘን መግለጫ ብዙ ጽፌአለሁ። ጣቴ በልማዱ "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ብሎ ጀመረ። ሰረዝኩት። "በታላቅ ሐዘን" አልኩ፤ ሰረዝኩት። መስመሩ ላይ አንድ ሰው ነው ያለው። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፤

"ታምራት፣ እኔ ሀያት ነኝ። የእናትህ ጎረቤት ነኝ። እናትህ ትናንት ጠዋት አረፉ። ታመው ነበር፤ እንዳትጨነቅ ብለው እንዳልነግርህ አደረጉኝ። እንደምታነብላቸው ያውቁ ነበር። አልተቀየሙህም። ብቻህን ከሆንክ ይህን አንብበህ ወደ ሰው ሂድ።"

መልስ የለም። በማግስቱም የለም። በዚያ መሀል የእትዬ ታደለች ገጽ ላይ ሰው መጠየቅ ጀመረ። "እትዬ፣ ዛሬ ዝናብ አለ ወይ?" "ምነው ድምፅዎ ጠፋ?" "አሟቸው ይሆን?" ስልካቸው ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ላነሣው አልችልም፣ ላጠፋውም አልችልም። ጎረቤቶቼ ለቅሶው እንዳለቀ ወደየሥራቸው ገቡ። ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል። በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሆኜ መልእክት ገባ።

"ሁሉንም አንብቤዋለሁ።" ይኸው ብቻ ነበር።

ወዲያው ደወለ። ከቢሮ ወጥቼ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ድምፁ የእናቱ ድምፅ ነው፤ ለዚያ አልተዘጋጀሁም ነበር።

"እህቴ… የትኞቹን ነው ሆስፒታል ሆና የጻፈችው?"

ልዋሸው አልፈለግሁም። "ሰኔ ከገባ ወዲህ ያለውን ሁሉ" አልኩት።

"ጎመኑስ?"

"ጎመኑ እውነት ነው። ያሳረርኩት እኔ ነኝ።"

ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ማልቀስ ጀመረ። ብዙ አለቀሰ።

"እናቴ ጓደኛ ልሁንህ ብላ ስትጠይቀኝ" አለ ኋላ፣ "እሺ የሚለውን መንካት አቃተኝ። እሺ ካልኩ መናገር አለብኝ። ምን ብዬ ልናገር? ነገ የተሻለ ነገር ሲኖረኝ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ… ሕመም አለባት ወይ ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ድምፅዋ ጤነኛ ነበር።"

ጽሑፋቸውን ነው ድምፅ ያለው።

ስለ መጨረሻዋ ቀን ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ነገርኩት። የተቀበሩበትን ቦታ ጠየቀኝ፤ አቅጣጫው እንዲገባው አድርጌ ነገርኩት።

"አንዳንድ ጊዜ ልደውል?" አለ። "የማወራው ነገር ላይኖረኝ ይችላል።"

"ደውል" አልኩት።

ያን ዕለት ማታ ገጻቸው ላይ ለሌላው ሰው ነገርኩ። ገጹ በ"ነፍስ ይማር" ተሞላ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጸጥ አለ።

ታምራት ግን እሑድ እሑድ ይደውላል። መጀመሪያ ደህንነት እንጠያየቃለን፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ሁለታችንም ዝም እንላለን። በእሱ በኩል የሱቁ የብረት በር ሲንኳኳ፣ ሰው ሳሙናና ስኳር ሲጠይቀው ይሰማኛል። በእኔ በኩል ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ይሰማዋል። ማናችንም ቀድመን አንዘጋም።